ወደ ቀኝ የሚዞር ኬብል

ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስትለካ ኖራለች፤ ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ብሎ ስም አወጣላት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም የሚጠራው ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን የተጠራችው እሷ መሆኗን እስክታስታውስ ሁለቴ ይጠሯታል። አንዳንዴ ሜትሩን ሳታወልቅ ትተኛለች። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ባሏ «አንድ ቀን በእንቅልፍሽ ለክተሽ ታሳጥሪኛለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ይህች ሴት የሳተላይት አንቴና ኬብል ትሠራለች ሲባል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ሳቁን ሲጨርስ «እንዴት ሆኖ?» ይላል። እንዴት እንደሆነማ እንዲህ ነው።

ሱቋ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው በታች ባለች ጠባብ ክፍል፣ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለ፤ ሰዎቹ በራሳቸው ሬዲዮ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚያወሩ፣ ሳተላይት ሲያልፍ ጠብቀው የሚያዳምጡ፣ ለዚህም ሥራ ማንም አምስት ሳንቲም የማይከፍላቸው ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የከሰዓት ፀሐይ ስክሪናቸው ላይ እያረፈ አላሳይ ሲላቸው መጋረጃ ሊያሰፉ ጠሯት። መሰላሏን ተሸክማ ብትወጣ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው አንዲት ጥቁር ኬብል በእንጨት ማስመሪያ ይለካሉ። የማስመሪያው ጫፍ ተሸርፏል።

«ይሄን እየለካችሁ ነው ወይስ እየገመታችሁ?» አለች፤ ሰላም ሳትል።

የክበቡ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ሰው ቢሰድባቸው ይስቃሉ፣ ሰው ቢጠይቃቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይመልሳሉ። ያን ቀን ተነሡ። ሳተላይት ሰማይ ላይ ሲንከባለል ስለሚውል፣ የሚልከው ሞገድ ቀጥ ብሎ ቢመጣ አንዴ ይሰማል አንዴ ይጠፋል አሏት። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሳተላይቶች ሞገዱን እያሽከረከሩ ይልኩታል፤ ግድግዳ ውስጥ እንደሚገባ ብሎን እየዞረ ይመጣል። የሚዞረውን ለመያዝ ሁለት አንቴናዎች አንድ ዘንግ ላይ በመስቀል ይታሠራሉ፣ አንዱ የተጋደመ፣ አንዱ የቆመ። ከዚያ አንደኛው ከሌላው ትንሽ ዘግይቶ እንዲሰማ ይደረጋል፤ የዙሩን ሩብ ያህል ብቻ። የሚያዘገየው ያች ኬብል ናት።

«ስንት ሴንቲ ነው ሩቡ?»

«በአየር አሥራ ሰባት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ። ኬብል ውስጥ ግን ሞገዱ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አሥራ አንድ ሴንቲ ከሦስት ሚሊ ይበቃል።»

«ለምን ቀስ ይላል?»

«ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ይይዘዋል።»

እትዬ ሜትር ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙትን ሁለት ጥቅል ኬብሎች አየች። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ያው ውፍረት። የአንዱን ጫፍ በጥፍሯ ጨመቀችው፤ የሌላውንም ጨመቀችው። አንደኛው ድርቅ ያለ ነው፣ ሁለተኛው እንደ ስፖንጅ እሺ ይላል።

«ፕላስቲኩ የተለያየ ከሆነ ልኩም ይለያያላ» አለች። «አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ከሁለት ጣቃ ቆርጬ አንድ መስኮት ላይ ብሰቅል፣ ታጥቦ ሲመለስ አንዱ ክንፍ መሬት ይጠርጋል፣ አንዱ ጉልበት ላይ ይቀራል።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ሦስት ወር ሙሉ ያለፉ ኬብሎቻቸው ለምን እንዳልሠሩላቸው ሲከራከሩ ከርመዋል። መጋረጃውን ሰቅላ ስትወርድ ሁለቱ ጥቅሎች በብብቷ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ የክበቡ ኬብል ሠሪ እሷ ሆነች። አሠራሯ የራሷ ነው። ኬብሉን ከጥቅልሉ ፈትታ፣ መጠምዘዙን እስኪረሳ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ቀጥ አድርጋ ታስተኛዋለች። ጫፉ ላይ በሚሰካው ኮኔክተር ውስጥ ገብቶ የማይታየውን ቁራጭ ሳይቀር ትቆጥራለች፤ የተደበቀ ቅምቅማትም ጨርቅ ነው ባይ ናት። ሁለት ሚሊ አስተርፋ ትቆርጣለች፣ ከዚያ እየለካች ትከረክማለች። የሚበየድበትን ስታኞ አቅልጣ ስትለጥፍ ትንፋሿን ትይዛለች። መጨረሻ ላይ በየጫፉ ክር ታሥራለች፤ በተጋደመው አንቴና ለሚገባው ቀይ፣ በቆመው ለሚገባው ሰማያዊ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አራት ሠራች። አንድም አልተመለሰባትም። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን ተረት እሷ ናት ያወጣችው ቢባል ሰፈሩ አይከራከርም።

ሁሉም ሞገዱ ወደ ቀኝ ለሚዞር ነው የሚሠሩት። ግራውን ከቀኝ እንዴት እንደምትለይ ያስተማሯት ፖስተኛው ናቸው፤ ያን የመጀመሪያ ቀን «ከአንቴናው ጀርባ ቁሚና ሞገዱ ወዴት እንደሚዞር አስቢ፤ እንደ ሰዓት ከዞረ ቀኝ ነው» አሏት። አንቴናውን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ከጀርባው እንደቆመች አድርጋ፣ በጣቷ አየር ላይ እየሳለች አሰበች። ቀዩ እዚህ፣ ሰማያዊው እዚያ አለች። ከዚያ በኋላ ደግማ አላሰበችበትም።

ልጅ አለቻት፤ አንዲት ብቻ። ይህች ልጅ እናቷ ጠረጴዛ ሥር ከጨርቅ ቁራጭ ጋር እየተጫወተች አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ከአራት ጓደኞቿ ጋር የጫማ ካርቶን የምታክል ሳተላይት ሠራች። የእሷ ድርሻ የሳተላይቷ አንቴና ነበር። አራት የብረት ቅጠሎች ተጣጥፈው በናይለን ክር ይታሠራሉ፤ ሰማይ ላይ ሲደርሱ አንዲት ሽቦ ግላ ክሩን ታቃጥለዋለች፣ ቅጠሎቹም ይዘረጋሉ። ካልተዘረጉ ሳተላይቷ ዲዳ ናት። መሬት ላይ ለሚያዳምጠው ትልቅ አንቴና ኬብል ሲያስፈልግ ልጅቱ ፕሮፌሰሩን «እናቴ ትሠራዋለች» አለቻቸው። እሳቸውም «እናትሽ ምን የተማሩ ናቸው?» ብለው ጠየቁ፤ «መጋረጃ» ብላ መለሰችላቸው። ደግነታቸው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እሺ አሉ።

ሳተላይቷ ወጣች። አልተናገረችም። በመጀመሪያው ቀን አልተናገረችም፣ በአምስተኛው አልተናገረችም፤ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ልጅቱ ፊቷ ገርጥቶ ቤት መጣች።

«አልተፈታም፣ እማዬ። ክሩ አልተቃጠለም።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም። ሌላ ምን ይሆናል? ባትሪው ደህና ነው፣ ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ የቀረው የኔ አንቴና ነው።»

«ከመላክሽ በፊት ስንቴ ፈተሽው?»

«አርባ ጊዜ። አርባውንም ተፈቷል።»

«ሌላ ቦታ የሰማ ሰውስ የለም?»

«የድምጿ ኃይል ከባትሪ መብራት ያነሰ ነው። ያንቺ ክበብም ሞክሯል፣ አንቴናው ትንሽ ነው። የኛ ትልቁ ካልሰማ ማንም አይሰማም።» ልጅቱ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሐሙስ ፕሮፌሰሩ ሞታለች ብለው ይጽፋሉ። ምክንያት፦ አንቴናው አልተዘረጋም። ሁለተኛዋን ሳተላይት የሚሠሩትን ሰዎች ስምም ያን ቀን ይለጥፋሉ። እኔ የለሁበትም። አንቴናውን ለሌላ ሰጥተውታል።»

እናት ምን ትበል? ሻይ አፈላች። ልጇ ስታለቅስ ጀርባዋን እያሻሸች፣ ጭንቅላቷ ግን ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ አርባ ጊዜ የተፈታ ነገር በአርባ አንደኛው ለምን እምቢ ይላል? ክፋት አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው። ነገር ሲገባት እንጂ ሳይገባት ማዘን አትችልም።

ሰኞ ወደ ክበቡ ወጣች፤ መጋረጃውን ለማጠብ ልታወርደው ነው። መንጠቆውን እየፈታች ሳለ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለው ዝርዝር ላይ አረፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር፣ እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ አይታው አላየችውም። ከመጽሐፍ የተገለበጠ የሳተላይቶች ዝርዝር ነው፤ ሞገዳቸው በየት በኩል እንደሚዞር ከጎኑ ታትሟል። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። በእያንዳንዱ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ «ግራ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አሉ ፖስተኛው፣ ሬዲዮናቸውን እየነካኩ። የክበቡ አንቴና ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለች ቁልፍ አለው፤ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ያዞራል። «ቀኝ የተባለውን ሁሉ በግራ ስናደርገው ነው የሚሰማን። በጆሮአችን ሰምተን አረምነው።»

ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው።

«አሥራ አንዱም ተሳስተዋል?»

«አሥራ አንዱም! መጽሐፍ የሚያትሙ ሰዎች እኮ ቀኝና ግራቸውን አያውቁም።»

አብራቸው ሳቀች። ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። አንድ መጋረጃ ቢያጥር መስኮቱ የተለየ ነው ይባላል። አሥራ አንድ መጋረጃ ሲያጥር ግን ሰው ዞር ብሎ ሜትሩን ማየት አለበት። የዩኒቨርሲቲው ትልቅ አንቴና ደግሞ ቁልፍ የለውም፤ ያለው እሷ የሠራችው ኬብል ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ባሏ የአውቶቡሱ ጎን ተፋቀብኝ ብሎ ተቆጥቶ ገባ። ጥፋተኛው አዲስ የመጣ ተቆጣጣሪ ነው። ጋራዥ ሲገባ ከፊት ቆሞ ሊመራው ፈልጎ፣ ፊቱን ወደ ሾፌሩ አዙሮ፣ «ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!» አለው።

«እኔም በቀኜ ሄድኩለት! እሱ ለካ የራሱን ቀኝ ነው የሚለው። አንተ ሰውዬ፣ ወይ ከኋላዬ ሁን ወይ አፍህን ዝጋ አልኩት።»

እትዬ ሜትር ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ተነሥታ ሳሎኑ መስኮት ፊት ሄዳ ቆመች፤ ባሏ ንዴቱን ትቶ ተከተላት።

«ምን ሆንሽ?»

«የመጋረጃ ጀርባ በየት በኩል ነው?»

«ወደ ጎዳናው ነዋ።»

«ፊቱስ?»

«ወደኛ። አመመሽ እንዴ?»

አላመማትም። ያ የመጀመሪያው የክበብ ቀን ነው የታያት። መስኮት ላይ ለሚቆም ነገር ሁሉ ፊቱ ወደ ክፍሉ፣ ጀርባው ወደ ውጭ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እጇ የሚያውቀው ይህን ነው። ፖስተኛው ከአንቴናው ጀርባ ቁሚ ሲሏት ዘንጉ ወደሚያመለክትበት፣ ከመስኮቱ ውጭ በሰማዩ በኩል እንደቆመች አድርጋ አስባለች። የሬዲዮ ሰዎች ግን ጀርባ የሚሉት ጭራውን ነው፣ ሰው ቆሞ የሚያነጣጥርበትን። እሷ በሐሳቧ አፍንጫው ፊት ቆማ ነው «እንደ ሰዓት» ያለችው። ልክ እንደ ተቆጣጣሪው።

ደስታ ነው መጀመሪያ የመጣው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ልጄ አላጠፋችም ማለት ነው ብላ ልቧ ዘለለ። እፍረቱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሠላሳ አራት ሰው በእሷ እጅ ተማምኖ የተገለበጠ ኬብል ጣሪያው ላይ ሰቅሏል። ሦስተኛው ደግሞ ጥርጣሬ ነው። እራት ላይ በተወራ ወሬ ሰውን ማስቸገር ይቻላል? ከየት ሆኖ እንደሚያይ የማይጠየቅ ምስክር ያስፈልጋታል። ያ ምስክር ግን ማን ነው?

ማክሰኞ ሱቋ ውስጥ አገኘችው። የመጋረጃ ዘንግ ግድግዳ ላይ የሚታሠርበት፣ ራስ የሌለው ረጅም ብሎን አለ። ዳዶውን ከአንደኛው ጫፍ አስገብታ እንደ ሰዓት አዞረችው፤ ከእሷ እየራቀ ሄደ። ብሎኑን ገልብጣ በሌላኛው ጫፍ በኩል እንደገና እንደ ሰዓት አዞረች፤ አሁንም ከእሷ እየራቀ ሄደ። ደገመችው። አሥር ጊዜ ደገመችው። ጥርሱ ከፊትም ይታይ ከኋላ፣ ያው በአንድ በኩል ነው የሚጠመዘዘው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትፈታውና ስታስር የኖረችው ብሎን ይህን ሁሉ ያውቅ ኖሯል! ብቻዋን ሳቀች። ጨርቅ ልትመርጥ የገባች ደንበኛ ቀስ ብላ ወጣች።

«ጋሼ» አለች ፖስተኛውን ስልክ ደውላ፣ «እንደ ብሎን የተጠመዘዘ አንቴና አለ?»

«አለ። ሽቦ እንደ ስፕሪንግ ይጠመዘዛል። ሞገዱም ሽቦው በተጠመዘዘበት በኩል ነው የሚዞረው። ምነው?»

ረቡዕ ጠዋት የመወልወያ ባልዲዋን ገልብጣ፣ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ስድስት ዙር ጠመጠመችበት፤ ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እያየች፣ ልክ እንደሱ። ጎትታ አስረዘመችው፣ በእንጨት የመጋረጃ ዘንግ ደገፈችው፣ ከኋላው ሞገዱን ወደፊት እንዲመልስ የበርሜል ክዳን አደረገችለት። ጣሪያው ላይ ፖስተኛው ትንሽ ማሰራጫ አያያዙላት። ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ መስቀሉ አንቴና እሷ በሠራችው ኬብል ቆመ። ቀዩ በቦታው፣ ሰማያዊው በቦታው።

የመለኪያው መርፌ ምንም አልተነሣም ማለት ይቻላል።

«አቀያይሯቸው» አለች።

ፖስተኛው ቀዩን በሰማያዊው፣ ሰማያዊውን በቀዩ ቦታ አስገቡ። መርፌው ዘሎ ጥጉን መታ።

ሽማግሌው የውሃ ታንከሩ ጥግ ላይ ቁጭ አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «መጽሐፍ ሳርም።»

ሲረጋጉ ግን የፖስተኛ ብልሃታቸው መጣ። «ለልጅቱ ዝም ብለሽ ንገሪያት። ሁለቱን ጫፎች ታቀያይር፣ በቃ። ለምን ብሎ ማን ይጠይቃል? የብዙዎቹ ሳተላይት ሞገድ ጭራሽ አይዞርም፣ የሠላሳ አራቱን ሰው ኬብል ቀስ ብለን እናስተካክላለን። እስቲ አስቢው፤ ብትናገሪና ሳተላይቷ የእውነት ሞታ ብትገኝ? ስምሽም ጠፋ፣ ልጅሽም አልተረፈች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ?»

«ይሄን ተረት ያወጣው ወንድ ነው» አለች እትዬ ሜትር። «ምጥ ያላየ።»

ግን እውነታቸውን ነበር፣ እሷም ታውቀዋለች። ኬብሉ መገልበጡ ተረጋግጧል፤ ክሩ መቃጠሉ ግን አልተረጋገጠም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እናትም ተሳስታ፣ ልጅም ተሳስታ። ቤት እስክትገባ ድረስ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። በዝምታ ቢቀያየር ልጅቱ ጥፋተኛ እንደሆነች ትቆያለች፤ ድምፅ ቢሰማ እንኳ «ዘግይቶ ተፈታላት» ይሏታል። ይህ አልዋጥልሽ አላት።

ሐሙስ በባሏ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው ክፍል እሷ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር፤ አምስት ወንበር፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ መጋረጃ የሌለው መስኮት። አምስቱ ልጆች አሉ። ፕሮፌሰሩ የታተመ ወረቀት ፊታቸው አስቀምጠው ብዕራቸውን እየፈለጉ ነው። ልጇ እናቷን በሩ ላይ ስታይ ደነገጠች።

«እማዬ? ሰው ሞተ?»

«ገና አልታወቀም» አለች እናት፣ ወረቀቱን እያየች።

ከዚያ ቆማ ነገረቻቸው። አልተንተባተበችም፤ እጇ ግን ቦርሳዋን አጥብቆ ይዞ ነበር። ፕሮፌሰሩ በትሕትና አዳመጡ፤ ትሕትናቸው ግን ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚሰጥ ዓይነት ነበር።

«ይገባኛል፣ እርስዎ እናት ነዎት። ለልጅዎ ማሰብዎ ያስመሰግናል። ግን ቀኝና ግራ ማደናገር ሁሌም ያለ ነው፤ አሁን ራሱ እየተደናገሩ እንዳልሆነ በምን ያውቃሉ?»

ብሎኑን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። «ዳዶውን ከዚህ ጫፍ ያዙሩት። አሁን ገልብጠው ከዚያ ጫፍ።»

አዞሩት። ገለበጡት። አዞሩት። የተማረ ሰው ካልጠበቀው ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ ታየ፤ ልጅ ይሆናል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገለብጡት ፈገግ ማለት ጀመሩ። ባልዲውንና የበርሜሉን ክዳን ስትነግራቸው ደግሞ ብዕሩን መፈለግ ተዉ።

«ሳተላይቷ ቀጥሎ የምታልፈው መቼ ነው?» ብለው ጮኹ።

«ከአርባ ደቂቃ በኋላ» አለ አንዱ ልጅ። «አራት ሰዓት ከአርባ።»

ጣሪያ ላይ የወጣችው ልጇ ናት፤ እናት ከሥር መሰላሉን ይዛ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቀዩ ወደ ሰማያዊው፣ ሰማያዊው ወደ ቀዩ። ልጅቱ ወርዳ እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ዝም ካለችስ?»

«ዝም ካለች አብረን እናለቅሳለን። እስካሁን አለመናገሯ ግን ያንቺ ጥፋት አይሁን እያልኩ ነው የመጣሁት፤ የኔ ይሁን እያልኩ።»

አራት ከአርባ ሆነ። ድምፅ ማጉያው እሽሽሽ ይላል። ጣሪያው ላይ ያለው ትልቅ አንቴና በሞተሩ እየተንቀሳቀሰ ከአድማስ ወደ ላይ መዞር ጀመረ። ሳተላይቷ ከአድማስ እስከ አድማስ አሥራ አንድ ደቂቃ ትፈጃለች። አንድ ደቂቃ፣ ምንም። ሁለት፣ ምንም። ከልጆቹ አንዱ ወንበሩን አንቋቋ፣ አራቱ ዞረው አፈጠጡበት። ሦስት። እትዬ ሜትር ዕድሜዋን ሙሉ ልክ ልሁን ብላ ነው የጸለየችው፤ በእያንዳንዱ መስኮት፣ በእያንዳንዱ ሚሊ። አሁን ዓይኗን ጨፍና፣ ያጠፋሁት እኔ ልሁን፣ እኔው ብቻ ልሁን፣ እባክህ ትላለች። አራት ደቂቃ ሞላ።

ጢ።

ፕሮፌሰሩ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

ጢ ጢ... ጢ።

ቀጭን ነው፤ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሞርስ ኮድ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳተላይቷ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትለው የቆየችውን ስሟን ስትናገር ተሰማ። ከዚያ ወንበር ወደቀ፣ ሰው ጮኸ፣ አንደኛው ልጅ ማንን እንዳቀፈ ቢያይ እትዬ ሜትርን ነው። ልጇ አንገቷ ሥር ገብታ «ተፈቷል፣ እማዬ፣ ተፈቷል» ትላለች፤ እናት «አውቃለሁ፣ አርባ ጊዜ ፈትሸሽው የለ» ትላለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እንዲህ ፈጥኖ ሲጠራ አይታ አታውቅም፤ ወንበር አቀረቡላት።

ድምፁ አድማስ ላይ ሲጠፋ ፕሮፌሰሩ የታተመውን ወረቀት ቀደዱት። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ መዝገቡን ገልጠው ሰዓቱን ጻፉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ ብዕራቸው ቆመ።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ያልሰማንበትን ምክንያት መጻፍ አለብኝ» አሉ። ፊታቸው ቀላ አለ። «ምን ልበል?»

ልጇ ቶሎ ብላ «የኬብል ችግር ይበሉ» አለች። «እንዲሁ፣ የኬብል ችግር።»

«ኬብሉ ምን አደረገ?» አለች እትዬ ሜትር ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ኬብሉ እኔ የሠራሁትን ነው የሠራው። 'የልጅቱ አንቴና ሥራ ልክ ነበር፤ የተሳሳተችው እናቷ ናት' ብለው ይጻፉ። በትልቁ ይጻፉት።»

ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እንዳለችው ጻፉት።

እንዲያነቡላት ጠየቀች። አነበቡላት። «እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አለች።